ወንድሜ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለ ፍትሐት ተከራከረ፤ አርባው እየደረሰ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሰላም_ከዚራ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የእኛ ቤት ድብልቅ ነው። እማዬ ኦርቶዶክስ ናት፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ጴንጤ ነን። ድሬ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። እማዬ መጀመሪያ ላይ አልቅሳለች፣ አኩርፋለች፣ ኋላ ግን ለመደችው። እኔ በጾም ቀን ሥጋ ጠብሼ ቤቱን አላሸትባትም፤ እሷም እሁድ ጠዋት «ተነሺ፣ ረፈደብሽ» ብላ ትቀሰቅሰኛለች። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ወንድሜ ግን ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ኦንላይን የሥነ መለኮት ኮርስ ጀመረ። ደስ አለኝ። ልጁ ማንበብ ይወዳል፣ ከሰዓቱን በርጫ ላይ ከሚያሳልፍ ይሄ ይሻላል ብዬ። ከዛ ሌሊት ሙሉ ቲክቶክ ላይቭ ላይ የሚከራከሩ ሰዎችን ማዳመጥ መጣ። ከዛ ራሱ መከራከር። መጀመሪያ «ኢየሱስ ብቻ» ከሚሉት ጋር፣ ቀጥሎ ከኦርቶዶክሶች ጋር፣ በመጨረሻ ከራሳችን ቸርች ሰዎች ጋር። እኛ ጋ ሰው ድኖም ከእምነቱ ሊወድቅ ይችላል ተብሎ ነው የሚሰበከው፤ እሱ ደግሞ አንዴ የዳነ ለዘላለም ድኗል ባይ ሆነ። ኳየሩ የሚዘምረውን መዝሙር ስንኝ በስንኝ እያነሳ «ይሄ ስሕተት፣ ይሄ ኑፋቄ» እያለ የወጣቶች ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። አሁን ከመሰሎቹ ጋር ሳቢያን አንድ ቤት ውስጥ ለብቻቸው መሰብሰብ ጀምረዋል።

ይሄን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት አጎታችን የሞተ ጊዜ የሆነውን ነው።

አጎቴ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ነን። ንፍሮ እየዞረ ነው፤ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ሰው በካርቶን ቁራጭ ያራግባል። አክስቴ እያለቀሰች «ብቻ ፍትሐቱ በሥርዓት ተደርጎለታል፣ እሱ ያጽናናኛል» አለች። ወንድሜ አጠገቧ ነበር። ድምፁን እንኳን ዝቅ ሳያደርግ «አክስቴ፣ ሰው ከሞተ በኋላ ጸሎት አይረዳውም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም» አላት። «ሰው አንድ ጊዜ ይሞታል፣ ከዚያም ፍርድ ነው» የሚለውን ዕብራውያን 9፥27ን ጠቀሰላት። አክስቴ ቀና ብላ አየችው፣ ምንም አልመለሰችለትም። የዕድሩ ሰብሳቢ ነው ተነስቶ የንፍሮውን ሳህን ከእጁ የተቀበለው፤ «ና ልጄ፣ ወንበር እናምጣ» ብሎ ይዞት ወጣ።

እማዬ ከዛ ቀን ወዲህ አታናግረውም። አክስቴ «አርባው ላይ እንዳላየው» ብላለች። እሱ ደግሞ «እውነት ነው የተናገርኩት፣ እውነት ከዘመድ ይበልጣል» ይላል።

አሁን የእኔ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። እኔም ለሞተ ሰው በሚደረግ ጸሎት አላምንም። በትምህርቱ ከእሱ ጋር ነኝ። «ተሳስተሃል» ልለው አልችልም፤ ዝም ብዬም እማዬን እንዲህ ማየት አልችልም። የማምነውን ሳልክድ እንዴት ነው አደብ ግዛ የምለው? አርባው ላይስ ይምጣ ወይስ ይቅር?

የለገሐሬ_ልጅ፦

አቦ! ድንኳን ውስጥ? ሬሳው ገና ሳይረሳ?

እኔ ሃይማኖተኛ አይደለሁም፣ ስለ ፍትሐቱ አያገባኝም። ግን ለቅሶ ቤት ሰው የሚሄደው ተቀምጦ ለመነሳት ነው። «እግዜር ያጽናሽ» ትያለሽ፣ ንፍሮሽን ትቆረጥሚያለሽ፣ ትነሻለሽ። ልጁን ሃይማኖት ሳይሆን ለቅሶ መድረስ አስተምሩት።

የጥንቱ_ምእመን፦

ልጄ ሰላም ከዚራ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

እኔ በደርግ ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ ወንጌል አማኝ ነኝ። የዛን ጊዜውን ትንሽ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የዛሬ ልጆች ቸርች ማለት ከተወለዱ ጀምሮ ድምፅ ማጉያና ፕላስቲክ ወንበር ያለው አዳራሽ ስለሚመስላቸው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ተዘጋች። ሕንፃው ተወረሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። ምእመኑ በየቤቱ አምስት ስድስት እየሆነ ይሰበሰብ ነበር፤ መዝሙር በሹክሹክታ ነው፣ ከስብሰባው ሲወጣም በአንድ ላይ አይወጣም፣ አንድ አንድ እየተባለ ነው። ሲዘጋ 5 ሺህ ገደማ የነበረው አባል ደርግ ሲወድቅ 34 ሺህ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በነዚያ ቤቶች ውስጥ የሙሉ ወንጌሉም የመካነ ኢየሱሱም ሰው አብሮ ይጸልይ ነበር፤ መዳን ይጠፋል አይጠፋም ብሎ የተለያየ ቤት እኔ አላየሁም።

አንድ ነገር ደግሞ ለወንድምሽ ንገሪው። ሐምሌ 1971 ደርግ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳን በዚያው በአንድ ወር ውስጥ ነው የገደላቸው። ገዳዮቹ ማን ስለ ፍትሐት ምን ያምናል ብለው አልጠየቁም። ቄስ ጉዲና ከመሞቱ በፊት ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ወንጌላዊው የሚመካከሩበት አንድ ጉባኤ እንዲቋቋም ከደከሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነበር። ከጓደኞቹ «አገር ልቀቅ» ሲባል እምቢ ያለ ሰው ነው። ለትምህርቱ ግድ ስለሌለው አይደለም ያን ያደረገው።

ሕይወት_ሳቢያን፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ ይድረስዎትና አንድ ነገር ልበል። በመከራ ጊዜ አንድ መሆን እኮ የሚከብድ አይደለም። በር ላይ ካድሬ ቆሞ ማን ስለ ካልቪን ያወራል? ከባዱ አሁን ነው፤ በነፃነት፣ እያንዳንዱ ስልክና ቻናል በያዘበት ጊዜ።

ለመሆኑ ይሄ «መዳን ይጠፋል አይጠፋም» የሚለው ጭቅጭቅ በአብዛኛው ካልቪንና አርሚንየስ የሚባሉ የድሮ የአውሮፓ የሃይማኖት መምህራን ተከታዮች ነው። ካልቪን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1564፣ አርሚንየስ በ1609 ነው። ድሬዳዋ ባቡር ገብቶ ከመቆርቆሯ 300 ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ዛሬ ሳቢያን ድረስ መጥተው ቤት ያከራዩብን 😄

ቃሉን_ጠብቅ፦

ሁላችሁም ልጁ ላይ ወረዳችሁበት። ቦታው ልክ አልነበረም፣ እሺ፣ ተስማማሁ። ግን «ፍቅር፣ ፍቅር» እያላችሁ ትምህርትን ትርፍ ነገር አታድርጉት።

በዚህ አገር «አትፍረድ» የምትለዋ ጥቅስ ስንቱን አጭበርባሪ እንደሸፈነች እናውቃለን። ዘይት የሚሸጠውን፣ በሽተኛን «ድነሃል፣ መድኃኒትህን ጣል» የሚለውን፣ የደሃ እናት የቀን ገቢ «ዘር» ብሎ የሚቀበለውን። አንድ ሰው ተነስቶ ሲጠይቅ «አንድነት አትበጥብጥ፣ የተቀባውን አትንካ» ይባላል። ጠያቂው ትዕቢተኛ ይሆናል፣ ሌባው ትሑት። ጳውሎስ እኮ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል፣ ገላትያ 2፥11። ሰው በተሰበሰበበት። ልጁ ቢያንስ ያነባል። ስንቱ የሱ እኩያ የት እንደሚውል ድሬ ያለ ሰው ያውቀዋል።

መምህርት_ነኝ፦

ቃሉን ጠብቅ፣ ስለ አጭበርባሪዎቹ ያልከውን እፈርምበታለሁ። የገላትያውን ግን ቁጥር 11 ላይ አታቁመው፣ ወደ 12 ውረድ። ጴጥሮስ ምን አድርጎ ነው የተወቀሰው? ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ራሱን ለየ። ጳውሎስን ያስቆጣው ይሄ ነው። እኛ ግን ይህችኑ ቁጥር ይዘን ከሰው ማዕድ እንነሳለን! ስንቱ ስብሰባ ሲገነጠል ገላትያ 2፥11 እንደተጠቀሰ ቁጥር የለውም፤ ጥቅሱ የሚገሥጸው ደግሞ የተገነጠለውን ሰው ነው።

ለእህታችን ጥያቄ ስመጣ፣ የልጁ ችግር አቋሙ አይመስለኝም። ያነሳው አቋም ከእሱ በፊት ብዙ አዋቂ ሰው የተከራከረበት ነው። እንደውም ከዚሁ «መዳን ይጠፋል?» ከሚለው ጋር በተያያዘ፣ እግዚአብሔር የሚድነውን አስቀድሞ መርጧል ወይ በሚለው ጉዳይ እንግሊዝ አገር ሁለት ሰባኪዎች ተጣልተው ነበር። ጆን ዌስሊና ጆርጅ ዋይትፊልድ። ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጊዜያቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1739 የዋይትፊልድን አቋም የሚቃወም ስብከት ሰበከ፣ አሳተመው። ዋይትፊልድ በታተመ ደብዳቤ መለሰለት። ለስላሳ ክርክር እንዳይመስላችሁ፤ ተከታዮቻቸው ለሁለት ተከፈሉ። ሁለቱም እስከ ሞት ከአቋማቸው ፍንክች አላሉም። ግን በመሐሉ ታረቁ፣ አንዱ በሌላው መድረክ መስበክ ጀመረ። ዋይትፊልድ በ1770 አሜሪካ ሲሞት ለንደን ላይ የመታሰቢያ ስብከቱን ያደረገው ዌስሊ ነው፣ ዋይትፊልድ ራሱ በሕይወት ሳለ እንዲያ ይሁን ብሎ ስለነበር። በዚያ ቀን ዌስሊ መድረኩ ላይ ቆሞ የድሮውን ክርክር አላነሳም። ማንሳት ይችል ነበር፤ ተከራካሪው ሞቷል፣ የሚመልስለት የለም።

ስለዚህ እህቴ፣ ወንድምሽን «እኔም እንዳንተ ነው የማምነው» ብለሽ ጀምሪለት። ያ በር ይከፍትልሻል። ከዛ አክስትህ በዚያች ደቂቃ ምን ጠየቀችህ በይው። አልጠየቀችውማ። 1 ጴጥሮስ 3፥15 «ለሚጠይቋችሁ» ነው የሚለው፣ እሱም «በየዋህነትና በፍርሃት»። በዕንባዋ መሐል የምትናገር ሴት ጥያቄ አላቀረበችም።

ገንደ_ቆሬ_01፦

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አላስቻለኝም። ወላሂ አንድ ነገር ይገርመኛል።

ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው። ሰርግ ሲደግሱ ለእኛ ብለው ሌላ ድስት፣ ሌላ ቢላ፣ ሌላ ሴትዮ ያቆማሉ። ራሳቸው «የእስላም አራጅ ጥሩልን» ብለው አባቴን ይልኩታል። ድስቶቹ እንዳይነካኩ የእነሱ ልጅ ቆማ ትጠብቃለች። እኛም ለእነሱ እንዲሁ ነው። ማንም እምነቴን ተነካሁ አይልም። የእኔ አባትና የእነሱ አባት ስለ ኢሳ ቢጠየቁ አንድም ቀን አይስማሙም እኮ!

የዚሁ ቤት ሁለት ወንድማማቾች ግን፣ አንዱ ሙሉ ወንጌል አንዱ ሌላ ቸርች፣ ገና ላይ እንኳን አብረው አይበሉም። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ልዩነታቸውን ሁለቴ አስረድተውኝ አልገባኝም።

እኛ ጋም እንዳለ አትርሱ ደግሞ፣ ቅዱስ ነን እያልኩ አይደለም። መውሊድ ይከበር አይከበር በሚል የተኳረፈ ቤተሰብ ሞልቷል፣ ሐረርም ድሬም።

ሕይወት_ሳቢያን፦

@ገንደ_ቆሬ_01 አቦ ልክ ነህ፣ ግን ምክንያቱም የሚገባኝ ይመስለኛል። አንተ ከእኛ ጋር አትፎካከርም። የአንተ አባት የእኛን ምእመን አይወስድም። የጎረቤት ቸርች ግን ወጣቱን ይወስዳል፣ ኳየሩን ይወስዳል፣ አስራቱን ይወስዳል። እውነት እንነጋገር ከተባለ ከብዙ መገንጠል በስተጀርባ ያለው ይሄ ነው። ማይክ ማን ይያዝ፣ ገንዘብ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ይሁን፣ አንዳንዴ በምን ቋንቋ ይሰበክ። ሲወጡ ግን «በትምህርት ልዩነት» ተብሎ ነው የሚጻፈው። እህታችን፣ ወንድምሽ ከኮርሱ በፊት በቸርቹ ከማን ጋር ተጋጭቶ ነበር? እስቲ ጠይቂው።

ካቶሊክ_ድሬ፦

እኔ ካቶሊክ ነኝ። ለሁለታችሁም መናፍቅ ስለሆንኩ ገለልተኛ ዳኛ ልሆን እችላለሁ 😂

አንዱን ልጨምር። የኬልቄዶን ጉባኤ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ451 ነው፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተነሳው ክርክር ካቶሊኩና የግብጽና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተለያዩ። ከ1,500 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ፖፕ ጳውሎስ ስድስተኛና የግብጹ ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ ቁጭ ብለው ስለ ክርስቶስ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ፍጹም አምላክ፣ ፍጹም ሰው፣ መለኮቱ ከትስብእቱ ለአፍታም አልተለየም ብለው። ሌሎች ልዩነቶች አልተዘጉም፣ ይሄን ግን አብረው መናገር ቻሉ። የእኛ ሰፈር ግን ዛሬም ልጆች «ሁለት ባሕርይ» እያሉ ይሰዳደባሉ፤ ጳጳሳቱ ሲነጋገሩ ያደሩበትን አንዱም አላነበበም። ተሳዳቢ ሁሉ በአብዛኛው የሚሰድበውን ትምህርት ከሌላ ተሳዳቢ ነው የሰማው።

ዲያቆን_ከሐረር፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሐረር ነው ያለሁት፤ አገልጋይ ነኝ። የመጣሁት ልከራከር አይደለም፤ ስለ ፍትሐት የተባለው ነገር ሳይብራራ እንዳያልፍ ብዬ ነው።

እህቴ፣ ወንድምሽ የተቃወመው ነገር እኛ የምናምነው አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚባለው «ኦርቶዶክሶች ሰው እንደፈለገ ኖሮ ሲሞት ቄስ ፈትቶት ይገባል ይላሉ» ነው። እኛ እንዲህ አንልም። ፍትሐት ልመና ነው። ቤተ ክርስቲያን ልጇን በእግዚአብሔር ምሕረት ላይ አደራ ትላለች። ፈራጁ እሱ ነው፣ ካህኑ አይደለም። ሙታን በክርስቶስ አካል ውስጥ ስለሆኑ ለቆመ ሰው እንደምንጸልይ ላንቀላፋም እንጸልያለን እንላለን። ይህንን ላትቀበሉት ትችላላችሁ፣ መብታችሁ ነው። ግን የምትቃወሙት ይሄን ይሁን እንጂ በቲክቶክ የተሠራውን አይሁን። ለወንድምሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፦ አክስትህ ስለ ፍትሐት የምታምነውን፣ እሷ ሰምታ «አዎ፣ እንዲህ ነው የማምነው» በምትልበት መንገድ መናገር ትችላለህ? ካልቻለ ገና መቃወም አልጀመረም።

እኛም ዘንድ ንጹሕ ነን አልልም። ጴንጤ ያገባች እህቱ ቤት ውሃ የማይጠጣ አለ። በልጅ ሰርግ ላይ «መናፍቅ ነህና ውጣ» ያለ ዘመድ አውቃለሁ። የራሳችን የውስጥ ታሪክ ራሱ ቀላል አይደለም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ እየተባባልን ከመቶ ዓመት በላይ ተጣልተናል፤ ጎጃም ከሸዋ፣ ገዳም ከገዳም። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው በተዋሕዶ ደመደሙት። እኔ በተዋሕዶ አምናለሁ፣ ውሳኔውን እቀበላለሁ። ግን ንጉሥ በአዋጅ የዘጋው ክርክር በልብ ውስጥ ወዲያው እንደማይዘጋም ታሪኩን ያነበበ ያውቃል። በቅርቡ ደግሞ አንድ እምነት ይዘን፣ በአንድ ቅዳሴ እየቀደስን፣ የአገር ቤትና የስደት ሲኖዶስ ተብለን ከ20 ዓመት በላይ ተወጋግዘን ነበር። ሐምሌ 2010 ነው የታረቅነው። በዚያ ጠብ ውስጥ አንዲት የትምህርት ልዩነት አልነበረችም! እህት ሕይወት ያለችው እውነት ነው።

ስለ አርባው፦ ይምጣ። ቅዳሴው ላይ ቁም አትበሉት፣ ሕሊናው ካልፈቀደለት አይቁም። ድንኳን መትከል፣ ውሃ መቅዳት፣ እንግዳ ማሳረፍ ግን ከየትኛውም ትምህርት ጋር አይጋጭም። ከዚያ በፊት ግን አክስቱ ቤት ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ። ለእምነቱ አይደለም ይቅርታው፣ እንባዋን ስላቋረጠ ነው።

ቃሉን_ጠብቅ፦

@መምህርት_ነኝ የገላትያው ጥሩ አነበብሽው፣ ወሰድኩት። ግን ይሄን «ለብቻው ንገረው» የሚለውን ለሁሉም አታድርጉት። አጵሎስን ጵርስቅላና አቂላ ለብቻው ወስደው አስተምረውታል፣ ሐዋርያት ሥራ 18፤ ምክንያቱም አጵሎስ ቅን ሰው ነበር፣ የጎደለው እውቀት ብቻ ነው። አደባባይ ላይ ሕዝብ የሚዘርፈውን ግን በአደባባይ ነው። አክስቲቱ ዘራፊ አይደለችም፣ እሷን በተመለከተ ከእናንተ ጋር ነኝ።

@ዲያቆን_ከሐረር በፍትሐት አልስማማም፣ አስረድተህ ስለነገርከኝ ግን አመሰግናለሁ። «አካል» የምትለዋ ነጥብ ላይ ልመለስብህ እችላለሁ።

ዲያቆን_ከሐረር፦

@ቃሉን_ጠብቅ ና። ሐረር ከመጣህ ቡና በእኔ ነው፣ ፈረስ መጋላ እንገናኝ። ክርክሩም ይኑር።

የለገሐሬ_ልጅ፦

ሁለቱ እዚሁ ታረቁ እኮ 😂 ሰውዬው ሐረር ሲሄድ ለእኔም ሙሸበክ፣ የሐረሩን ጣፋጭ፣ ያምጣልኝ።

ሰላም_ከዚራ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምን እንደተፈጠረ ልንገራችሁ።

ወንድሜን ከሰዓት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሻይ ልጋብዝህ ብዬ አወጣሁት። መምህርት እንዳለችኝ «እኔም እንዳንተ ነው የማምነው» ብዬ ጀመርኩ። ያልጠበቀው ነገር ነው፤ ክርክር ይዤ የመጣሁ መስሎት ስልኩ ላይ ጥቅሶቹን ከፍቶ ነበር። ዘጋው። የዲያቆኑን ጥያቄ ጠየቅኩት። «ፍትሐት ማለት...» ብሎ ጀመረ፣ ኋላ «እነሱ የሚሉት...» አለ፣ ኋላ ዝም አለ። ላይቭ ላይ ከሰማው ውጪ ምንም አልነበረውም። እማዬን እንኳን ጠይቋት አያውቅም፣ አንድ ቤት እያደረ።

የሕይወትን ጥያቄም ጠየቅኩት። እውነትሽን ነው እህቴ። ከኮርሱ በፊት ቸርች ውስጥ ታዳጊዎችን ያስተምር ነበር። አንድ ቀን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ከእምነት ስለሚወድቁ ሰዎች ስለሚናገረው ስለ ዕብራውያን 6 ለአንድ ሽማግሌ ጥያቄ አቅርቦ «አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ዝም ብለህ ስማ» ተብሏል። ሰው ሳቀበት። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ስሙ ከአስተማሪዎቹ ዝርዝር ወጣ፣ ማንም ጠርቶ ምክንያቱን አልነገረውም። ይሄን ሲነግረኝ ድምፁ ሌላ ነበር። እኔ እህቱ ሆኜ አንድም ቀን አልሰማሁም ነበር። ጥያቄውን እኮ ቢመልሱለት ኖሮ እዛው በቀረ።

አክስቴ ጋ ሄደ። ስኳርና ቡና ይዞ፣ ብቻውን። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም በደንብ አይናገሩም። አክስቴ «በእምነቱ ምንም አልቀየረም፣ ግን እግሬ ላይ ወድቋል» አለች ለእማዬ። አርባው ላይ ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ ድንኳኑንና ውሃውን እሱና የዕድሩ ልጆች ይዘውታል። እማዬ አሁንም ቀጥታ አታናግረውም፣ «ለወንድምሽ ምሳው እዚያ አለ በይው» እያለች በእኔ በኩል ናት። እሱ እየበላ ነው፣ በቂ ነው ለጊዜው።

የሳቢያኑ ስብሰባ ግን አልተፈታም። የቸርቹ ሽማግሌዎች «ይቅርታ ጠይቆ ይመለስ» ብለዋል። እሱ ደግሞ «መጀመሪያ ለምን እንዳወጡኝ ይንገሩኝ» ይላል። ሁለቱም ቦታቸውን ይዘው ቆመዋል። አብረውት ያሉት ልጆች ደግሞ ለስብሰባው ስም ማውጣት ጀምረዋል፣ ማኅተም ሁሉ ሊያሠሩ ነው መሰለኝ።

መምህርት_ነኝ፦

ማኅተሙ ከመሠራቱ በፊት ነው እንግዲህ። ስም ከወጣ በኋላ መመለስ ይከብዳል፤ መሪ ይሾማል፣ ፀሐፊ ይሾማል፣ የተሾመ ሰው ደግሞ ሥልጣኑን ለመልቀቅ ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል። ሽማግሌዎቹ ጋ ሦስተኛ ሰው ይግባ። በሁለቱም ወገን የሚከበር። እና ይቅርታው ከሁለቱም በኩል ይሁን፣ ልጁን ብቻ አታስጎንብሱት፤ በሰው ፊት ያሳቀበት ሽማግሌም የድርሻውን ይበል። የዕብራውያን 6ን ጥያቄም በእውነት ቁጭ ብለው ይመልሱለት። ከባድ ምዕራፍ ነው፣ ልጁ ያፈነገጠ ጥያቄ አይደለም የጠየቀው።

የጥንቱ_ምእመን፦

ሰላም ልጄ፣ የትኛው ቸርች እንደሆነ እዚህ አትጻፊው፣ ኢንቦክስ አድርጊልኝ። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፣ ከሽማግሌዎቹ መሐል የማውቀው አይጠፋም። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነኝ። ወንድምሽንም አምጪው፣ ጥያቄውን ጽፎ ይዞ ይምጣ።

ሰላም_ከዚራ፦

ኢንቦክስ አድርጌልዎታለሁ ጋሼ። ቅዳሜ እንመጣለን። ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፏል፣ ከወዲሁ ይዘጋጁ 😅